አሮጌው ሰፈራችን ውስጥ ንግድ አይግባ ብዬ ጻፍኩ፤ 41 መልስ መጣልኝ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም። የምኖርበት ሰፈር አሮጌ ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ባለ አንድ ፎቅ ናቸው፤ ግድግዳቸው ድንጋይ፣ በረንዳቸው እንጨት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ቤቶች ፈርሰው ባለ 8 ፎቅ የንግድ ሕንፃ ሊሠራ ነው። ከሥሩ ባለ ሁለት ደረጃ የመኪና ማቆሚያ ይቆፈራል። ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ስለሆነ አልሚው ልዩ ፈቃድ ጠይቋል። ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ከ12 ቀን በኋላ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። ነዋሪ እንዲህ ያለውን ነገር እምቢ የማለት መብት አለው ወይስ የለውም? ከጥያቄው ጋር ግን አቋሜንም ጨመርኩበት፤ ያስመታኝም እሱ ነው። የመኖሪያ ሰፈር ለመኖሪያ ነው፣ ንግድ የገባበት ሰፈር ይሞታል፣ ስለዚህ ምንም ዓይነት ንግድ አይግባ ብዬ ደመደምኩ። የሰፈሩን ስም አልጻፍኩም፤ እዚህም አልጽፍም። ታሪኩ የትም ያለ ነው።

ሰዎቹ የጻፉትን ቃል በቃል አላሰፍረውም። በቁጥራቸው እየጠራሁ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር። አንዲት ሴት ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ እንደምትደግፍ፣ እሷም ያደገችበት ሰፈር እንዲሁ ሲጠፋ እንዳየች ጽፋ፣ በርቺ ብላኝ ሄደች። ደስ አለኝ። በዚሁ የሚቀጥል መስሎኝ ነበር።

2ኛው የሕግ ሰው ይመስላል። መብቱ ከየት እንደመጣ ከሥሩ አስረዳኝ። መኖሪያን ከንግድ ለይቶ መመደብ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቀባይነት ያገኘው በ1926 ነው። ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ የምትባል ትንሽ መንደር እዚያው መሬት የነበረው ኩባንያ መሬቱን እንደፈለገ እንዳይጠቀምበት ከለከለችው። ከሰሳት፤ ተረታ። እስከዚህ ድረስ ራሴን እየነቀነቅኩ አነበብኩ። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅኩትን አመጣ። ያው ፍርድ በግል ቤቶች መካከል የሚሠራ የኪራይ አፓርታማንም ከጥገኛ ተውሳክ ጋር አመሳስሎታል። ሱቁን ያስቆመው አጥር ተከራዩንም አስቁሞታል ማለት ነው። ሰውዬው ሊቃወመኝ ፈልጎ አልነበረም። የምመዘው ቢላ ሁለት ስለት እንዳለው ሊነግረኝ ነው።

3ኛው መልስ አንዲት መስመር ናት። የምቃወመው ንግዱን ነው፣ ቁመቱን ነው ወይስ ማፍረሱን? ነገረኛ መስሎኝ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ከ41ዱ ውስጥ መጀመሪያ ልመልስለት የሚገባው እሱ ነበር።

4ኛው ቆንጠጥ አደረገኝ። ልማትን የሚቃወም ሁሉ ስለ ከተማ የጻፈችውን የአሜሪካዊቷን የጄን ጄኮብስን ስም ይጠራል፣ ምን እንደተከላከለች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው ሲል ጀመረ። በ1961 የኒው ዮርክ ከተማ ዌስት ቪሌጅ በተባለ ሰፈሩ ውስጥ በጎዳና የተከበቡ 14 ብሎኮችን ለመልሶ ማልማት ጥናት መረጠ። ሴትየዋ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተነሳች፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከተማው ዕቅዱን ተወው። የኖረችው ግን ሃድሰን ጎዳና ቁጥር 555 ላይ፣ ታችኛው ክፍሉ ቀድሞ ሱቅ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግራ ቀኟም ንግድ ነበር። ጎዳናን የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በሩ ላይ የቆመው ባለሱቅና በመስኮት የምታየው እናት ናቸው ባይ ነበረች። ስለዚህ ንግድን ከሥሩ ለመንቀል እሷን ምስክር አድርጌ መጥራት እንደማልችል ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር አልጠራኋትም። ግን በሚቀጥለው ጽሑፌ ልጠራት አስቤ ነበር።

5ኛው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የደረሰበትን ተናገረ። ከጎኑ ያለው ቤት መጀመሪያ ቢሮ ሆነ። ጥሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዘግተው ይሄዳሉ። ቢሮው ለቀቀና ምግብ ቤት ገባ። የቤቱ ፈቃድ ንግድ ስለሚል ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም። ምግብ ቤቱ ሙዚቃ ጨመረ። ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። አሁን የድምፅ ማጉያው ንዝረት በግድግዳው አልፎ ኮመዲኖው ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንቀጠቅጠዋል። የጀነሬተሩ ጭስ ደግሞ የልጆቹ መኝታ ቤት ይገባል። ከመጀመሪያው ቢሮ በቀር ለየትኛውም ለውጥ ማንም አላማከረውም። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። የሚፈቀደው ቢሮ ነው፤ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

6ኛው እንደ ድንጋይ ወደቀብን። ሁላችንም የጠገብን ሰዎች ነን። ቤት ስላለን ሌላው ሥራ አያግኝ እንላለን። ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆቴል ይሠራ፣ ግን ከደጄ ይራቅ የሚል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ከተማ ሙዚየም አይደለም። ወጣቱ የት ይሥራ? በዚህ ዓይነት መንፈስ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። ሲሳደብ ባይሆን ኖሮ ግማሹን እቀበለው ነበር። 7ኛዋ በእርጋታ ደገፈችው። እሷ ተከራይ ናት። አሮጌ ሰፈር ሲጠበቅ ኪራይ እንደሚወደድ፣ ጠባቂዎቹ ደግሞ ይህን ሲያነሱ እንደማትሰማ ጠቆመች።

8ኛው 6ኛውን ለመመለስ ቻርለስተንን አመጣ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ በ1931 በአሜሪካ የመጀመሪያውን ታሪካዊ ሰፈር በሕግ ከለለች። ሰዉን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ነዳጅ ማደያ ነበር። መኪና ሲበዛ የጥንት ቤቶች እየፈረሱ ማደያ ይተከልባቸው ጀመር። እንግዲህ ያኔ የተቃወሙት የከተማ ጠላት ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ዓለም የሚጎበኘው እኮ ያንኑ የተረፈውን ነው።

9ኛዋ ወዲያው አረመችው፤ ያውም በስለት። ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ተቆርጧል። እንቅስቃሴውን ከመሩት አንዷ ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የቤት ደላላም ነበረች። ቤቶች እየገዛች አስጠገነች፤ በቤቶቹ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ግን እንዲወጡ ተደረገ። ቅርሱ ተረፈ፣ ሰፈርተኛው ሄደ። እሷ በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ጻፈች። 8ኛውም መለሰላት። በመካከላቸው ያለው ቃላት እየሻከረ ሲሄድ 10ኛው ገብቶ አበረደው። እንግሊዝ በ1967 ባወጣችው ሕግ አንድን ሕንፃ ሳይሆን አካባቢን በሙሉ መጠበቅ እንደጀመረች፣ የመጀመሪያዋም ስታምፎርድ የተባለች ከተማ እንደሆነች፣ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ እንዲህ ያለ ሰፈር እንዳለ ጻፈ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የገበያ ጎዳናዎች ናቸው። ጥበቃና ንግድ አብረው አይኖሩም ያለው ማነው ለማለት ነው። ማን እንዳለውማ ግልጽ ነው። እኔ ነኝ።

11ኛው ፈገግታ ብቻ ነው።

12ኛው ከሁሉም ይረዝማል። የሲቪል መሐንዲስ ነው። ስምንቱን ፎቅ ተዉት፣ ከሥር ያሉትን ሁለቱን ፍሩ አለን። አሮጌ የድንጋይ ቤት መሠረቱ ጥልቅ አይደለም። አጠገቡ ትልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተታል። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ውሃ በፓምፕ ሲወጣ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ይወርዳል፣ አፈሩ ይሰምጣል። የሚሰምጠው እኩል ቢሆን ባልከፋ፤ አንዱ ጥግ ይቀድማል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የቦስተንን ነገር እንደ ምሳሌ አነሳ። እዚያ በተሞላ መሬት ላይ የተሠሩት የድሮ ቤቶች የቆሙት በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ አይበሰብስም። ውሃው ዝቅ ሲል አናቱ አየር ያገኝና መበስበስ ይጀምራል። ከተማዋ በ1986 የከርሰ ምድር ውሃውን የሚከታተል ተቋም እስከማቋቋም ደርሳለች።

ምክሩም ተግባራዊ ነበር። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ያለ እያንዳንዱ ቤት ከነስንጥቁ ፎቶ ይነሳ፤ ቀን ይጻፍበት፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ስንጥቅ ያለበት ግድግዳ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ያለዚህ ስንጥቁ የቆየ ነው ይሏችኋል፤ እናንተም ማስረጃ የላችሁም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ የራሴን ሳሎን ዞርኩት። አራት ስንጥቅ ቆጠርኩ። ከዚያ በፊት አንድም አላየሁም ነበር።

ከዚያ ነገሩ መስመር ሳተ። 13ኛዋ የድሮ ስንጥቋን በሲሚንቶ እንዳስደፈነች፣ ይህ ያስጠይቃት እንደሆነ ጠየቀች። 14ኛው ጮኸ ማለት ይቻላል። አሮጌ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ኃጢአት ነው ባይ ነው። የድሮ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ድንጋዩን ይበላዋል። 15ኛው ግንበኛ ነው፤ 30 ዓመት በሲሚንቶ ሠርቶ አንድም ቤት አልፈረሰበትም። 16ኛው ኖራን ለስንት ጊዜ መዘፍዘፍ እንደሚገባ አስተማረ። 17ኛው ጊዜው ተሳስቷል አለ። 18ኛው ደግሞ 14ኛውን ኖራ ነጋዴ እንደሆነ ጠረጠረው። እኔ ሰፈሬ ሊፈርስ ነው፤ እነሱ ልስን ላይ ናቸው። 19ኛው ላይ እባካችሁ ወደ ነገራችን እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

20ኛው ተመለሰ፣ በቁጣ። የኒው ለንደንን ጉዳይ አነሳ፤ ኮነቲከት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከተማዋ ነባር ቤቶችን ለልማት ብላ በግዴታ ወሰደች። ሱዜት ኬሎ የተባለች ነዋሪ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ2005 በ5 ለ4 ድምፅ ተረታች። ከዚያስ? ዕቅዱ ሳይሠራ ቀረ። አጠገቡ የነበረው ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ በ2009 ለቅቆ መሄዱን አስታወቀ። ቤቶቹ የነበሩበት መሬት ለዓመታት ባዶውን ተቀመጠ። ልማት ልማት ስትሉ ይህን አስቡ ብሎ 6ኛውን በቁጥሩ ጠርቶ ወጋው።

21ኛዋ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ ያለች፣ ነገሩን እንዳንደባልቅ አስጠነቀቀች። ኬሎ ተገድዳ ነው። እኛ ጋ ግን ሦስቱ ባለቤቶች ወደው ሸጠዋል። እዚህ የተጎዳ ሻጭ የለም፤ ያለው ቅር ያለው ጎረቤት ነው። ጎረቤትነት ደግሞ ደካማ መብት ነው። ሆኖም አንድ ቀዳዳ አሳየችን። አልሚው የጠየቀው ልዩ ፈቃድ ነው። ልዩ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ቦታው የተለየ ችግር ሲኖርበት እንጂ ትርፍ ስለሚያስገኝ መሆን የለበትም። እዚያ ላይ ቁሙ አለችን። ስለ ትዝታና ስለ ውበት ማውራቱን ተዉት፣ ያ ሰብሳቢውን ያስተኛዋል ብላ ጨመረች። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ሦስት ገጽ ትዝታ ነበር።

22ኛው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሁለት ቦታ አስጎበኘን። ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን የሚባለውን ሰፈር አብዛኛውን አፍርሶ በቢሮና በሰፊ መንገድ ለመተካት ታቅዶ ነበር። ነዋሪው ተቃወመ። በ1973 ወደ 250 የሚጠጉ ሕንፃዎች ባንድ ጊዜ በቅርስነት ተመዘገቡና ዕቅዱ ከሸፈ። ትልቅ ድል ነው። የአትክልት ገበያው ግን በ1974 ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ አዳራሹ በ1980 የሱቅና የምግብ ቤት ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ቬኒስ ደግሞ ምንም አላፈረሰችም። ግንቦቿ ሁሉ ቆመዋል። በ1951 በታሪካዊው ማዕከል ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ሰውዬው የጠየቀን ይህን ነው፦ የምትታገሉት ለግንቡ ነው ወይስ በውስጡ ለሚኖረው? ሁለቱ አንድ መስለውኝ ነበር።

23ኛው በዚያው ላይ ቀጠለ። በ1964 የወጣው፣ የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ሰነድ እንኳ ቅርስ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም አገልግሎት ሲሰጥ ጥበቃው እንደሚቀልል ይላል። ባዶ ቤት ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይግባበት እንጂ ማንም አይግባ መሆን የለበትም።

24ኛው ያላሰብኩትን አመጣ። ማሌዥያ፣ ጆርጅ ታውን። ከተማዋ በ2008 የዓለም ቅርስ ሆናለች። ከዚያ ቀድሞ፣ ከ2000 መግቢያ ጀምሮ፣ የኪራይ ቁጥጥር ሕጉ በመነሳቱ ብዙ ነባር ተከራዮች ከድሮዎቹ ሱቅና መኖሪያ ቤቶች ወጥተው ነበር። በባዶዎቹ ቤቶች ማን ገባ? ወፍ። ጎጆው ተሽጦ የሚበላ የወንጭፊት ዓይነት ወፍ አለ። ባለቤቶቹ መስኮቱን ደፍነው የወፍ ድምፅ በቴፕ እያጫወቱ ወፎቹን ጠሩ። ጎረቤት ሌት ተቀን ጩኸት፣ ግድግዳው እርጥበትና ኩስ። ባለሥልጣናቱ ቆይተው ወፎቹን ከቅርስ ክልሉ አስወጡ። 25ኛው የኛው አልሚ ወፍ ቢያረባ ይሻል እንደነበር ቀለደ። ሳቅኩ። በዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

26ኛዋ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። አልሚው በስብሰባው ላይ ምን ይዞ እንደሚመጣ ተነበየች። የፊት ግድግዳውን እናስቀራለን ይላል። እሺ እንዳንለው መከረችን። ሻንጋይ ውስጥ ሺንቲያንዲ የተባለው ቦታ በ2001 የተከፈተው በድሮ የድንጋይ በር ቤቶች ላይ ነው። መልካቸው ቀረ፤ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ፤ ውስጡ ምግብ ቤትና ቡቲክ ሆነ። 27ኛው ሌላ መውጫ አሳየ። በኒው ዮርክ በግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ አናት ላይ ከ50 ፎቅ በላይ ሊሠራ ሲል ከተማው ከለከለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1978 በ6 ለ3 ከተማውን ደገፈ። ባለቤቱ ግን ባዶ እጁን አልቀረም። እዚያ ሊሠራ ያልቻለውን ፎቅ በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ መሬት የማዛወር መብት ነበረው። ለባለቤቱ ምንም ሳትሰጡ አትንካ ብቻ ካላችሁት ተደብቆ ይሸጠዋል አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያኔ በደንብ ላነበው ይገባ ነበር።

28ኛው በቀጥታ እኔ ላይ መጣ። ይህ ሁሉ ጩኸት ለራሴ ቤት ዋጋ እንደሆነ፣ ፀሐይ እንዳይከለልብኝና መኪናዬን በር ላይ እንዳቆም እንደሆነ ጻፈ። መኪና የለኝም። 29ኛው መልስ የእኔ ነው፤ እዚህ ላልደግመው እመርጣለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጻፍ ክፉ ነው። 30ኛው ላይ አወያዩ ገብቶ ሁለታችንንም ገሠጸን፤ የእኔን መልስ ግማሹን አጠፋው። ልክ ነበር።

31ኛው መልስ የመጣው ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ነው።

ከሦስቱ ሻጮች አንዱ እሳቸው ናቸው። ስማቸውን አልጻፉም፤ ግን ከጻፉት ውስጥ ስለ በረንዳው ያለው እሳቸው መሆናቸውን ነገረኝ። አልተቆጡም፤ አልሰደቡንም። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው ጻፉ። ፈቃዱ ሲመጣ የተወሰነ ዓይነት እንጨት፣ የተወሰነ ዓይነት ቆርቆሮ ይላል፤ ወጪውን የሚጋራ ግን የለም። ጣሪያው ካፈሰሰ 9 ዓመት ሆኖታል። ክረምት ሲመጣ ባልዲ ሦስት ቦታ ያስቀምጣሉ። በረንዳቸውን ፎቶ የሚያነሳ ብዙ ነው፤ መሰላል የያዘላቸው የለም።

ቀጥለው የጻፉት ነው የከበደኝ። ከ6 ዓመት በፊት የታችኛውን ክፍል ለልብስ ስፌት ቤት ሊያከራዩ ፈልገው ነበር። አንድ ሰፊ፣ ሁለት መኪና፤ የስፌት መኪና ማለቴ ነው። በኪራዩ ጣሪያውን ሊያሠሩ። ፈቃድ ጠየቁ። ጎረቤቱ ፊርማ አሰባስቦ ተቃወመ፤ የመኖሪያ ሰፈር ለመኖሪያ ነው የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። ማመልከቻቸው ውድቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። አልሚው ሲመጣ ሸጡ።

ያንን ፊርማ አስታወስኩት። አንድ ጎረቤት በር አንኳኩቶ ወረቀት ይዞ መጣ። ምድጃ ላይ ነገር ጥጄ ስለነበር ቆሜ ፈረምኩ፤ ያነበብኩት ርዕሱን ብቻ ነው። ስፌት ቤት መሆኑን እንኳ ያወቅኩት አሁን ነው።

32ኛው ዝም ብሎ አዘነ። 33ኛዋ፣ ያቺው የ7ኛ መልስ ተከራይ፣ ይኸው አላልኩም አላለችም፤ ልትል ስትችል። 6ኛው ደግሞ በ34 ቁጥር ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ችግሩ ሕንፃው ሳይሆን ስፌት ቤቱ መከልከሉ ነው፣ ትንሹን ያላስገባ በር ትልቁ ሲመጣ ይሰበራል አለ። ከዚህ ሰው ጋር እስማማለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

35ኛው የመንደር ስብሰባ ብዙ የመሩ ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባው ላይ እንዴት መቅረብ እንዳለብን መከሩን። ሰላሳ ሰው አንድ ነገር ከሚደግም አምስት ሰው አምስት የተለያየ ነገር ይናገር። አንዱ ስለ ቁፋሮው፣ አንዱ ስለ ዕቃ ጫኝ መኪናና ስለ ጠባቡ መንገድ፣ አንዱ ስለ ልዩ ፈቃዱ ሕግ። የሚባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ መግባቱን አንድ ሰው ይከታተል፤ ይግባኝ ቢመጣ የሚታየው እሱ ነው። አልሚውን አትሳደቡ። ሻጮቹን ደግሞ በስም አታንሱ።

36ኛው መልስ የእኔ ነው። ደብዳቤውን እንደቀየርኩት ጻፍኩ። ምንም ዓይነት ንግድ የሚለውን ሐረግ አወጣሁት። በምትኩ ሕንፃው ከጎረቤቶቹ ቁመት እንዳይበልጥ፣ መኪና ማቆሚያው እንዳይቆፈር፣ ታችኛው ክፍል ለትንንሽ ሥራ እንዲፈቀድ፣ የሰዓት ገደብ እንዲኖረውና ፈቃዱ ባለንግዱ ሲቀየር እንደገና እንዲታይ የሚል አስገባሁ። የመጨረሻው ከ5ኛው ሰውዬ ብርጭቆ የመጣ ነው። ለአሮጌ ጣሪያ ጥገና ከተማው እንዲያግዝም ጠየቅን። 37ኛው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲል ተረተብኝ። አልመለስኩለትም። ምን ብዬ?

በ38 ቁጥር ለ31ኛው ጻፍኩላቸው። ያኔ ፈርሜ እንደነበር ነገርኳቸው። ሽያጩ ተፈርሞ አልቆ እንደሆነ፣ ወይስ ፈቃዱ እስኪገኝ የተንጠለጠለ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ይህን እስከጻፍኩበት ሰዓት መልስ አልሰጡም።

39ኛው የ15ኛው ግንበኛ ነው። ስለ ሲሚንቶው አሁንም አልተሸነፈም። 40ኛው መኪና ማቆሚያ ከሌለ ማን ይመጣል ብሎ አዲስ ክርክር ሊከፍት ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም።

41ኛው ያው 14ኛው፣ የኖራው ሰው ነው። ለማንም ሳይሆን ለ31ኛው የጻፈው ነው። ግድግዳው 9 ዓመት ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ጣሪያው በተሠራ ማግሥት እንዳይለስኑት፤ መስኮቱን ከፍተው አንድ በጋ ሙሉ ይድረቅ።